ዋና ብዙም አልችልም፣ የስኖርክሊንግ ጀልባ ልሳፈር?

የዚህ ሰሞን ደብዳቤዎቻችሁ ከሞላ ጎደል ስለ ባሕርና ስለ ስኖርክሊንግ ናቸው፤ ማስክ አድርጎ፣ በቱቦ እየተነፈሱ፣ ውሃው ላይ ተንሳፎ ሥሩን ማየት ማለት ነው። አውሮፓ ያላችሁት ዕረፍት ልትወጡ ነዋ! ረጅሙን ጥያቄ አስቀድሜ ሌሎቹን ከሥር በአጭር በአጭሩ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ባርሴሎና እንሄዳለን። እነሱ ደግሞ ኤስታርቲት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወርደን፣ በጀልባ ሜደስ ደሴቶች ሄደን ስኖርክሊንግ ካልሠራን ሞተን እንገኛለን ብለዋል። እኔ ዋና የተማርኩት ሶደሬ ነው። እግሬ መሬት እስከነካ ድረስ ጀግና ነኝ፤ ጥልቅ ውሃ ላይ ግን ልቤ ድው ድው ይላል። ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ የእነሱን ልብስ መጠበቅም አልፈልግም። ልሂድ ወይስ ልቅር?
*ልቡ ድው ድው የሚለው፣ ከፍራንክፈርት*

መልስ፦ ሂድ እንጂ! ልብስ ጠባቂ ሆነህማ አትቀርም። ግን ጓደኞችህ ዘለው ሲገቡ አይተህ አብረህ እንዳትዘል።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ሜደስ ማለት ከኤስታርቲት ፊት ለፊት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙ ሰባት ትንንሽ ድንጋያማ ደሴቶች ናቸው። ከወደቡ ተነስተህ ወሬ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ሰው አይኖርባቸውም፤ ባለቤቶቹ የባሕር ወፎች ናቸው፣ ጩኸታቸውንም ትሰማዋለህ። እዚያ ዓሣ ማጥመድ ከ1983 ጀምሮ ክልክል ነው። የቦታው ዝና ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ሌላ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሄደህ ፊትህን ውሃ ውስጥ ብትነክር ብዙ ጊዜ የምታየው ድንጋይ፣ ሣርና ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ነው። ቀይ ባሕርን ያየ ሰው «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ይወጣል። ሜደስ ላይ ግን ዓሦቹ ከሰው መሸሽ ከተዉ ቆይተዋል፣ ትልልቆቹም ተርፈዋል።

ሜሮ የሚባለውን ፈልገው። ወፍራም ከንፈር ያለው፣ ቡናማ ሆኖ ነጣ ነጣ ያለ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ክንድ የሚያክልና ከዚያም የሚበልጥ ዓሣ ነው። ሲወለድ ሴት ነው፣ አድጎ ሲገዝፍ ወንድ ይሆናል። ሰው ሲያይ ከመሸሽ ይልቅ ቆሞ ያያል። ይቺ ጠባዩ ናት በጦር ለሚያድኑት ሰዎች አሳልፋ የሰጠችው፤ በብዙ ቦታ ቁጥሩ የተመናመነውም ለዚህ ነው። ሌላው ሳልፓ ነው፤ ብርማ አካሉ ላይ ወርቃማ መስመሮች አሉት፣ እንደ በግ መንጋ ተሰብስቦ አንገቱን ደፍቶ ሣር ሲግጥ ታየዋለህ። የድንጋይ ስንጥቅ አጠገብ ባዶ ዛጎል ተከምሮ ካየህ ደግሞ ቀስ በል። ኦክቶፐስ በልቶ የጣለው ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱም ውስጥ ተጣጥፎ በአንድ ዓይኑ እያየህ ይሆናል።

ሣር ያልኩት ፖሲዶኒያ ይባላል። ሥር፣ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለው እውነተኛ ተክል ሲሆን ይሄኛው ዝርያ ከሜዲትራኒያን ሌላ የትም አይበቅልም። እድገቱ በጣም ዘገምተኛ ስለሆነ የጀልባ መልሕቅ አንዴ ከነቀለው ቦታው ለብዙ ዓመት ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ጥሩ ካፒቴን ጀልባውን ቀድሞ ከተተከለ ቦያ (ተንሳፋፊ ማሰሪያ) ላይ የሚያስረው። እንግዲህ እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አረንጓዴው ሜዳ ላይ ዝም ብሎ መልሕቅ የሚጥል ሰው ካየህ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ድርጅት ፈልግ።

አሁን ወደ ልብህ። የሜዲትራኒያን ውሃ ጨዋማ ነው፤ በሊትር 38 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ከውቅያኖሱ አማካይ በሦስት ግራም ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ከሶደሬ ገንዳ ይልቅ ያንሳፍፍሃል። በዚያ ላይ ዌትሱት የሚባለውን ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል የጎማ ልብስ ልበስ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ውሃው 22 እና 23 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ «ሙቅ ነው፣ አያስፈልግህም» ሊሉህ ይችላሉ። እሺ እንዳትል። ዌትሱት የሚሠራበት ጎማ በትንንሽ የአየር ኪስ የተሞላ ስለሆነ ከሙቀቱ ሌላ ጥሩ አድርጎ ያንሳፍፋል። እሱን ለብሰህ በሆድህ ስትተኛ ለመስጠም ራሱ ትቸገራለህ። ከዚያ በኋላ የሚቀርህ ሥራ እግርን ከጭን ጀምሮ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ብቻ ነው። እንደ ሳይክል የሚነዱ አሉ፤ ይደክማሉ እንጂ አይሄዱም።

ሰውን የሚያስደነግጠው ጥልቀቱ ይመስላል፣ ግን መጀመሪያ የሚረበሸው ትንፋሽ ነው። አፍንጫህ ማስክ ውስጥ ታፍኗል፣ ፊትህ ቀዝቃዛ ውሃ ነክቷል፣ አፍህ ውስጥ ጎማ አለ። ትንፋሽህ ያጥራል፣ ቶሎ ቶሎ ትስባለህ፣ ከዚያ አየር ያጠረህ ይመስልሃል። ይሄንን ጀልባ ላይ ደርሰህ አትማረው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ኤስታርቲት ባሕር ዳር ውረድ። አሸዋማ ነው፣ ረጅም ርቀት ገብተህም ውሃው ወገብህን ብዙም አያልፍም። እዚያ ተንበርክከህ ፊትህን ንከርና ተንፍስ። ስታስገባ ሳይሆን ስታስወጣ አርዝም። ከዚያ ሆን ብለህ ቱቦው ውስጥ ውሃ አስገባና ባለህ ኃይል «ፑ!» ብለህ አስወጣው። ጓደኞችህ ቢስቁም ይሳቁ። እስኪሰለችህ ድረስ ደጋግመው፤ ሲሰለችህ ተዘጋጅተሃል ማለት ነው።

ማስክ ስትከራይ ገመዱን ሳታስር ፊትህ ላይ ለጥፈው በአፍንጫህ ወደ ውስጥ ሳብ። እጅህን ስትለቅ ሳይወድቅ ከቆየ ልክህ ነው። ከወደቀ ሌላ ስጡኝ በል፤ ገመዱን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፣ እንዲያውም ጎማው ታጥፎ ይበልጥ ያፈሳል። ጉም እንዳይዘው መስታወቱን ከውስጥ በኩል ምራቅ ቀብተህ ለቅለቅ አድርገው። አስቀያሚ ነው፣ ግን ይሠራል። ማስኩ አዲስ ከሆነ ከሱቅ እንደመጣ መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ስላለው ቀድመህ በጥርስ ሳሙና ደህና አድርገህ እሸውና እጠበው።

ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ለአስጎብኚው «ዋና ብዙ አልችልም» በል። እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባል ነገር አታምጣ። እኛ ሰዎች ፊት «አልችልም» ማለት ሞት ይመስለናል፣ ለእሱ ግን የዕለት ሥራው ነው። ላይፍ ጃኬት ወይም የሚያዝ ተንሳፋፊ ቀለበት ይሰጥሃል፣ ዓይኑንም አንተ ላይ ያደርጋል። ደብቀኸው ውሃ ውስጥ ስትደናገጥ ካወቀ ግን የሁላችሁም ጉዞ ይበላሻል። ምልክቶቹንም ጠይቀው። እጅን አውጥቶ ማውለብለብ «እርዱኝ» ማለት ነው፣ ስለዚህ ጀልባ ላይ ላለ ሰው ሰላም ለማለት ብለህ እንዳታውለበልብ።

ስትገባ በመሰላሉ ወይም ከዳር ተቀምጠህ ተንሸራትተህ ግባ። የብዙ ሰው ችግር መውጣቱ ላይ ነው። ማዕበል ካለ ጀልባው ከነመሰላሉ ብድግ ዝቅ ይላል። ከሥሩ አትሁን። መሰላሉን ወይም ገመዱን በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ፊኑን (እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ) ከእግርህ አውልቅና ለሠራተኛው አቀብል፣ መሰላሉ ወደ ውሃው ዝቅ ሲል እግርህን አሳርፍ፣ ከዚያ ጀልባው ራሱ ያነሳሃል። ፊን እንዳደረጉ መሰላል ለመውጣት የሚታገሉ አሉ፤ ለተመልካች ጥሩ ቀልድ ነው።

የጠዋቱን ጀልባ ያዙ። ከሰዓት በኋላ በበጋ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ይበረታል፣ ውሃውም ይናወጣል። ትራሙንታና የሚባል ከሰሜን የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስም አላቸው፤ እሱ ከተነሳ ጉዞው ይሰረዛል፣ መሰረዙም ለእናንተው ነው። ስለዚህ ጉዞውን ከመመለሻችሁ ቀን ጋር አታጋጥሙት፣ አንድ ትርፍ ቀን ይኑራችሁ። ኤስታርቲት ባቡር አይደርስም። ባቡሩ ፍላሳ ጣቢያ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው፤ ስለዚህ እዚያው አንድ ሌሊት ማደሩ ይሻላል፣ የልምምዱም ነገር እግረ መንገዱን ይያዛል። ጉዟችሁ ሴፕቴምበር 11 ላይ ከዋለ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ቀን እነሱም የካታሎኒያ ብሔራዊ በዓላቸው ነው፣ ከተማው ሁሉ ባሕር ዳር ይወርዳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። «የሁለት ሰዓት ጉዞ» የሚለውን ስታይ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንዳይመስልህ። ልብስ መልበሱ፣ ማብራሪያው፣ መሄድ መመለሱ ሲቀነስ ውሃ ውስጥ የምትቆየው አንድ ሰዓት ቢሞላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃሃል፣ ስትወጣ ይበርድሃልም። ፎጣና ሹራብ ያዝ።

ጥያቄ፦ ሹሩባ ተሠርቼ ነው የምሄደው። ባለፈው ዓመት ማስኩ ውሃ እያስገባ አስመረረኝ። ፀጉሬም እንደ ገለባ ደርቆ ተመለስኩ። ምን ይሻላል?
*ከሮም*

መልስ፦ እህቴ፣ የማስኩ ጎማ የሚፈልገው ባዶ ቆዳ ነው። አንዲት ፀጉር ከሥሩ ከገባች ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ግንባርሽ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፀጉሮች ወደ ኋላ ሰብስበሽ በዋና ኮፍያ ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ሸፍኚያቸው፣ ጨርቁ ራሱ ግን ጎማው ሥር እንዳይገባ። ገመዱ ሹሩባው ላይ የሚንሸራተተው ቀጭን ጎማ ስለሆነ ነው፤ ሰፊ የጨርቅ ማቀፊያ ያለው አለ፣ እሱን ጠይቂ። ቦታውም ከጆሮ በላይ፣ የጭንቅላትሽ ሰፊው ጀርባ ላይ ነው እንጂ ማጅራት ላይ አይደለም።

ለድርቀቱ፣ ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በንጹሕ ውሃ አርጥበሽ ኮንዲሽነር ወይም ዘይት ቀቢው። አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ የጠጣ ፀጉር ጨዋማውን ያን ያህል አይስበውም። እንደወጣሽ ታጠቢው። ቅባቱ ግን ፊትሽ ላይ እንዳይወርድ፤ ማስኩን ያንሸራትተዋል፣ ዓይንም ያቃጥላል።

ጢማም ወንዶችም ይሄ ይመለከታችኋል። ከአፍንጫ ሥር ያለውን ትንሽ ላጭ ላጭ አድርጉት።

ስለ ቆዳ ካነሳን ደግሞ፣ «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም» የሚለውን ተዉት። በሆዳችሁ ተኝታችሁ አንድ ሰዓት ስትቆዩ ማጅራታችሁና የጉልበታችሁ ጀርባ ይጠበሳል። ከክሬም ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ይሻላል፣ ለባሕሩም እሱ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ መነጽር ካላደረግኩ ሰው አልለይም። ምንም ላላይ ገንዘቤን ላውጣ?
*ከስቶክሆልም*

መልስ፦ ያን ያህል አይከፋም። በማስክ ስታይ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ከመጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎና ቀረብ ብሎ ይታያል፣ መነጽሩ ቀላል የሆነ ሰው በዚያ ብቻ ይብቃቃል። ከበድ ያለ ከሆነ ቁጥር ያለው ማስክ የሚያከራዩ አሉ፣ ቦታ ስትይዝ ጠይቃቸው። ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ በየቀኑ የሚጣለውን አድርግና ስትወጣ ጣለው፤ ውሃ ማስክህ ውስጥ ከገባ ዓይንህን ጨፍን። መነጽርህን ጀልባው ላይ ጠንካራ ማኅደር ውስጥ አስቀምጥ፤ እርጥብ ሰው ይቀመጥበታል።

ጥያቄ፦ የእኔ ዕረፍት ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው፣ ፍልሰታ መሐል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ጀልባ ደግሞ ያጥወለውለኛል። ባዶ ሆድ ይሻላል ይባላል፣ እውነት ነው?
*ወለተ ማርያም፣ ከሊዮን*

መልስ፦ እውነት አይደለም። ባዶ ሆድ፣ ፀሐይ፣ የናፍጣ ሽታና የሚወዛወዝ ጀልባ አንድ ላይ ሲሆኑ ይብሳል። ለሆድ የሚመቸው ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ዳቦና ሙዝ ይበቃል፣ እሱም የጾም ነው። የአንቺ ችግር ሰዓቱ ነው። ውሃም ሳይቀምሱ ሰው ባሕር ውስጥ መዋኘት የለበትም። የማቅለሽለሽ ኪኒኑም ራሱ በውሃ ነው የሚዋጠው፣ የሚወሰደውም ከመሳፈር ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው፣ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ምክሬ፣ ከተቻለ ዕረፍትሽን ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጊው። በእነሱ ኦገስት 22 ማለት ነው፣ ባሕሩ ያኔም ሙቅ ነው። ካልተቻለ ነገሩ የአንቺና የንስሐ አባትሽ ነው፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ኪኒኑን ስትገዢ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ለፋርማሲው ንገሪ፣ እንቅልፍ እንቅልፍም ይላል። ጀልባው ላይ ከመሐል ወደ ኋላ ተቀመጪ፣ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ፣ ባሕሩና ሰማዩ የሚገናኙበትን መስመር እዪ። ብዙ ሰው የሚታመመው ጀልባው ሲሄድ ሳይሆን ቆሞ ሲንገዋለል ነው፤ ያኔ ቶሎ ውሃ ውስጥ መግባቱ ያቀልላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ አሁን ባርሴሎና አብራኝ ናት። ዕድሜዋ ስልሳዎቹን አጋምሷል። ዋና አትችልም፣ ግን «እስቲ ይሄ ባሕር ሥሩ ምን አለው?» ትላለች። ምን ላድርጋት?

መልስ፦ እናትሽ የሚጠይቁት ጥያቄ ደስ ይላል! ውሃ ውስጥ ግቡ ብለሽ እንዳታስጨንቂያቸው። እዚያው ኤስታርቲት ከውሃው በታች መስኮት ያላቸው ጀልባዎች አሉ። ወደ ታችኛው ክፍል ወርደው፣ ሳይረጥቡ፣ ተቀምጠው ዓሣውን በመስኮት ያያሉ። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ግን ደረጃውን ሄደሽ በዓይንሽ እዪው፤ ጠባብና ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ መውጣቱ ይከብዳል። ታች ሆኖ ብዙ መቆየትም ያጥወለውላል፣ ትንሽ አይተው ቶሎ ወደ ነፋሱ ይውጡ። ጋቢ ያዢላቸው።

ጥያቄ፦ ጄሊፊሽ ከነደፈ ሽንት ይደረግበታል የሚባለው እውነት ነው? ጓደኛዬ ምላለች።

መልስ፦ ጓደኛሽ ከባሕር ዳር ታርቅልሽ! እውነት አይደለም። በዚያ ዳርቻ በብዛት የሚናደፈው ፔላጂያ የሚባለው ነው፤ ሐምራዊ፣ ሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያክል፣ ረጃጅም ክሮች ያሉት። ከነደፈሽ ውጪና ቦታውን በባሕሩ ውሃ እጠቢው። በቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ቆዳሽ ላይ የቀሩት ያልፈነዱ መርዝ ከረጢቶች እንዲፈነዱ ያደርጋል። በፎጣ ወይም በአሸዋ ማሸትም ያው ነው። ኮምጣጤም ለዚህኛው ዓይነት አይመከርም። የቀረ ክር ካለ በባንክ ካርድ ጠርዝ ጥረጊው፣ ከዚያ በረዶ በላስቲክ አድርገሽ ያዢበት። መተንፈስ ካስቸገረሽ ወይም ፊትሽ ካበጠ ግን ቀልድ የለም፣ 112 ደውሉ።

ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው እሾሃማው የባሕር ጃርት ጄሊፊሽን ያህል አይወራለትም እንጂ ብዙ እግር ያበላሸው እሱ ነው። ድንጋይ ላይ አትቁሙ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስኖርክሊንግ ሠርቼ ማታ ብበር ችግር አለው? ጠላቂዎች አይበሩም ሲባል ሰምቼ።

መልስ፦ የለውም፣ በሰላም ብረር። ያ ክልከላ ጋን ተሸክመው ለሚጠልቁት ነው፤ ከጥልቀት ላይ በግፊት የሚተነፍሱት አየር ናይትሮጅኑ ሰውነታቸው ውስጥ ስለሚቀር ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቃሉ። አንተ የምትተነፍሰው ከላይ ያለውን ተራ አየር ነው። ትንፋሽህን ይዘህ ወደ ታች ጠልቄ ልይ ካልክ ደግሞ ከመጥለቅህ በፊት ደጋግመህ በኃይል እየተነፈስክ «አየር ላጠራቅም» አትበል፤ ሰው ውሃ ውስጥ ሳያስበው ራሱን የሚስተው በዚህ ነው። ጆሮህ መጫን ከጀመረ አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ ንፋ፣ ካልተከፈተ ተመለስ። ጉንፋን ካለብህማ ከላይ ሆነህ ማየቱ ይበቃሃል፤ ያው ማታ አውሮፕላኑ ሲወርድም ጆሮህን ያምሃልና ማስቲካ ያዝ።